«ቅጥረኛ» ማለት ስድብ ነው?

ጥያቄ፦ መተማ አካባቢ የሰሊጥ እርሻ አለኝ። አጨዳ ሲደርስ «ለአጨዳ ቅጥረኞች እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ሥራ ፍለጋ ከመጡት አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው አንብበው «እኛ ሠርተን ለመብላት መጣን እንጂ ቅጥረኛ አይደለንም» ብለው ተቆጡኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ በሰዋስው በኩል አላጠፉም። «ቀጠረ» ካለው ግስ «ቅጥር»፣ ከዚያም «ቅጥረኛ» ይወጣል፤ ፍቺውም እየተከፈለው ለሌላ የሚሠራ ማለት ነው። («ቅጥር ግቢ» የምንለው ግን ከግእዙ «ቅጽር» የመጣ ሌላ ቃል ነው።) ያም ሆኖ እውነቱ ከሰውዬው ጋር ነው።

ዛሬ «ቅጥረኛ» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ገንዘብ ተቀብሎ አገሩን የሚወጋ፣ ለባዕድ የሚሰልል ሰው ነው። በደርግ ዘመን «የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኛ» የሚለው ውግዘት ከራዲዮ አይጠፋም ነበር። በዚያው ዘመን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ደግሞ እንደ አቅመ ደካሞች ካሉት በቀር ማንም ይዞታውን በቅጥር ጉልበት እንዳያሳርስ ከለከለ። እንደኔ ግምት ይህ ለቃሉ ሁለተኛ ጉዳት ነበር፤ እርሻ ላይ የነበረው ንጹሕ ፍቺ ሲሳሳ ስድቡ ገኖ ቀረ።

«ምንደኛ»ም ዕጣው ያው ነው። «ምንዳ» ማለት የሥራ ዋጋ ነው፤ በአማርኛው የቅዱስ ቁርኣን ትርጉም አማኞች ከጌታቸው ዘንድ የሚያገኙት ምንዳቸውን ነው። ምንዳ እንዲህ ተከብሮ ሳለ፣ ምንዳውን ሠርቶ የሚያገኘው ሰው ስም መዋረዱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ አባቱን «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» ሊለው ሲያስብ፣ «ሞያተኛ» ያለው ይህንኑ ተቀጣሪ ነው። ዛሬ ግን አንባቢ «ባለሙያ» ብሎ ስለሚረዳው ለማስታወቂያዎ አይሆንም።

«ጭሰኛ» ጭራሽ አይነሣ፤ ጭሰኛ ለባለመሬቱ የሚከፍል እንጂ የሚከፈለው አልነበረም። «ሎሌ»ም ጌታና አሽከርን ያስታውሳል። ለእርሻ ሥራ የሚመጡ ሠራተኞች በእናንተ አካባቢ «ሳሉግ» እንደሚባሉ አውቃለሁ፤ ከደጋ ለሚመጣ አዲስ ሰው ግን ላይገባው ይችላል፣ የሚጠሩበትም ሰዎች ስሙን ይወዱት እንደሆነ እነርሱኑ መጠየቅ ይሻላል።

ክፍያው በቀን ከሆነ «የቀን ሠራተኛ»፣ በሥራው ልክ ተነጋግረው ከሆነ «የኮንትራት ሠራተኛ» ይበሉ። እኔ ብሆን «ሰሊጥ የሚያጭዱ ሠራተኞች እንፈልጋለን» ብዬ፣ ከሥሩ ክፍያውንና የምግቡን ነገር እጽፍ ነበር። እኚያ ሰው ገና እርሻው ላይ ካሉ፣ አዲሱን ወረቀት ከመለጠፍዎ በፊት ለእርሳቸው ያሳዩአቸው።