ከደጅ ለተመለሱት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከኮምቦልቻ ደወለልኝ። እሱም ዛሬ መምህር ነው። «ጋሼ፣ የሒሳብ ቱቶሪያል ማዕከላችን መሥራት አለመሥራቱን ገምግሙ ተብለናል፤ በምን እንለካው?» አለኝ። ለጊዜው የመጣልኝን መለስኩለት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ደጃፌ ወርዶ ነበር፤ እኔ ስለ አንድ አረንጓዴ መዝገብ ሳስብ ነጋ።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። ከወሎ ርቄ፣ ስሙን በማልጠራው ግቢ ካልኩለስ አስተምር ነበር። ከሚድ ፈተና በኋላ ለፍሬሽማን ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ሒሳብ የምናግዝበት ክፍል ከፈትን፤ ኃላፊነቱ የእኔ ሆነ። መጨረሻ ላይ ሪፖርት እንደምጠየቅ ስለማውቅ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አስቀምጬ መዝገብ ዘረጋሁበት። ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ዲፓርትመንት፣ የሚድ ውጤት፣ ፊርማ። የሚድ ውጤት የሚለውን ዓምድ በማስመሪያ ያሰመርኩት እኔው ነኝ። ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

በሴሚስተሩ መጨረሻ የመጡትንና ያልመጡትን በፋይናል ውጤት አወዳደርኩ። የመጡት በሰፊው በለጡ። ሪፖርቱን በስብሰባ ሳነብ ተጨበጨበልኝ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደሴ ተመልሼ ለባለቤቴ ጨርቅ ልገዛ ሸዋበር አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ዋጋውን በቃሏ አስልታ ከነመልሱ ስትነግረኝ ገረመኝና አደነቅኳት። «አላወቁኝም እንጂ ጋሼ፣ ካልኩለስ አስተምረውኛል» አለችኝ። የወግዲ ልጅ ናት። ከአንደኛ ሴሚስተር በኋላ ከግቢው ተባራለች። ለምን ወደ ቱቶሪያሉ አልመጣሽም አልኳት፤ ዛሬም ይህን ጥያቄ የጠየቅኩበት ድምፅ ያሳፍረኛል፤ የወቀሳ ድምፅ ነበረው።

«መጥቼ ነበር» አለች። «መዝገቡ ላይ ከእኔ በፊት የፈረሙት 24፣ 26፣ 27 ይላል፤ ከ30። የእኔ 7 ነው። ከኋላዬ ሁለት ወንዶች ተራ ይጠብቃሉ። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ተመለስኩ። ደግሞ እርስዎ የሀገሬ ሰው ነዎት፤ ክፍል ውስጥ የወሎ አነጋገርዎን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ያቺን 7 እንዲያዩብኝ አልፈለግኩም።»

ቃል አጣሁ። እሷ ናት «አብሽሩ ጋሼ» ያለችኝ፤ ጨርቁን አጥፋ በፌስታል ሰጠችኝ። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ የበደላትን ሰው ቡና አፍልታ ነበር የምታጽናናው።

ቤት ገብቼ የሪፖርቱን ቅጂ ፈልጌ አወጣሁ። ሁሉም ነገር እዚያው ነበር። የመጡት ልጆች ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ በሚድ የተሻሉ ነበሩ። ልዩነቱን እኛ አልፈጠርነውም፤ ይዘውት መጡ። ያ ዓምድ ልጅቷን ከደጅ መለሳት፤ ለእኔ ደግሞ እውነቱን ሲነግረኝ አላነበብኩትም።

በእንግሊዝ አገር ሎፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ማዕከል በ1996 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ነበር። እዚያም ተጠቃሚዎቹን ሲያጠኑ ብዙዎቹ ለመውደቅ የተቃረቡ ሳይሆኑ ጥሩ ውጤታቸውን የበለጠ ለማሳደግ የሚጥሩ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ «የመጡት በለጡ» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። በመግቢያ ፈተናና በሚድ እኩል የነበሩትን ፈልጉ፤ ከእነሱ መካከል የመጣውን ካልመጣው ጋር አወዳድሩ። ይህም ቢሆን የልጁን ትጋት ከእናንተ እገዛ ሙሉ በሙሉ አይለይም። ውጤቱን ከሬጅስትራር ውሰዱ፤ በር ላይ መለያ ቁጥር ይበቃል፤ እሱም ለየብቻ ወረቀት ላይ። ከዚያ በሚድ ከግማሽ በታች ካገኙት ስንቱ አንድ ቀን እንኳ መጣ ብላችሁ ቁጠሩ። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የማየው ይህን ቁጥር ነው።

የፊርማ ብዛት ከንቱ ነው ልል ፈልጌ ነበር፤ ግን አልችልም። በማግስቱ ዓመት ክፍሉ እንዳይዘጋ ያደረገው ያ የተሳሳተ ሪፖርቴ ነው፤ በዚያ ክፍል የተረፉ ልጆችም አሉ። ይህን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም።

የዛሬ ልጆች የድሮ ፈተና ከነመልሱ ከቴሌግራም ታወርዳላችሁ፤ ከሰው ፊት ቁጭ ብሎ «ይህ አልገባኝም» ማለት እየከበዳችሁ የሄደ ይመስለኛል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሬሜዲያል፣ የመግቢያ ነጥብ ላልሞላላቸው በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ አልፋችሁ የመጣችሁ ደግሞ ውጤት በሰው ፊት ሲጠራ ምን እንደሚሰማ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እናንተ ስታስተምሩ ይህን አትርሱብኝ።

ማክሰኞ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ልጁን መዝገባችሁን በር ላይ ነው ወይ የምታስቀምጡት ብዬ ብጠይቀው ዝም አለኝ።