ፍልጥ ከመግዛትሽ በፊት ቀና ብለሽ እዪ

እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ! «ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የ1950ዎቹ ቤት ገዛን፤ ሳሎኑ ውስጥ እንጨት የሚነድበት ፋየርፕሌስ (የግድግዳ ምድጃ) አለ። ዊንተር ሳይገባ ምን ላድርግ? ራሴ ጠርጌ ማንደድ እችላለሁ ወይ?» ብለሻል። እኔ ዘጠኝ ዊንተር አንድጃለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ። ታች ያለውን አመድ አንቺ ጥረጊ። ላይኛውን የጭስ ማውጫ ግን ባለሙያ ሳያየው ክብሪት እንዳትጭሪ።

እኛ በመጀመሪያው ዓመት የሠራነውን ጉድ ስሚ። ቀኑ ታንክስጊቪንግ ነው። እንግዳ ተጠርቷል፣ ቡና እየተቆላ ነው። እኔም ልታይ ልታይ ብዬ እሳቱን ለኮስኩት። ዳምፐር የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነግሮኝ! ከምድጃው በላይ፣ የጭስ ማውጫው ጉሮሮ ላይ ያለች የብረት ክዳን ናት። ለካ ተዘግታለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሳሎኑ የገጠር ማድቤት መሰለ። አላርሙ ይጮኻል፣ ልጆቹ ይስቃሉ። አማቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «ይሄንንማ እዚያው ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ያ ጭስ ግን ባለውለታችን ነው። በሳምንቱ ባለሙያ ጠራን። ካሜራ ወደ ላይ ሰደደና አሳየን። ግድግዳው ላይ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነገር ተጋግሯል። እኔ ተራ ጥቀርሻ መስሎኝ ነበር። እሱ ክሪዮሶት ነው አለኝ። ጭሱ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ የሚተወው ሬንጅ መሳይ ነገር ነው፤ ክፋቱ ራሱ ይነድዳል። እሳት ከያዘው የውስጡን የሸክላ ቱቦ ይሰነጥቃል፤ በስንጥቁ በኩል ደግሞ ሙቀቱ የቤቱን እንጨት ያገኛል። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ከደረሰ መጠረግ አለበት።

«ስንገዛ ኢንስፔክተር አይቶታል» እንዳትዪ። ያ ሰው ባትሪ አብርቶ ከታች ቀና ብሎ ነው የሚያልፈው። ኤንኤፍፒኤ የሚባለው የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር መመሪያ ጭስ ማውጫው በየዓመቱ ይታይ ይላል። ቤት ሲሸጥ ደግሞ «ሌቭል 2» የሚባለው፣ በካሜራ የሚደረገው ምርመራ ይደረግ ይላል። ስትደውዪ በዚሁ ስሙ ጠይቂ፤ ቪዲዮውንም ተቀበዪ። አንድ ጊዜ በርካሽ ኩፖን የመጣ ሰውዬ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ «ቱቦው ተሰንጥቋል፣ 4,000 ዶላር» ብሎኝ ነበር። ቪዲዮውን ስጠኝ ስለው ካሜራው ተበላሸ። ሌላ ሰው ሲያየው አንድም ስንጥቅ የለም።

ቀጠሮ ሴፕቴምበር ላይ ያዢ። ኖቬምበር ላይ ሰው አታገኚም። ከጭስ ማውጫሽ የወፍ ጫጫታ ከሰማሽ ደግሞ ቺምኒ ስዊፍት ሊሆኑ ይችላሉ። በፌዴራል ሕግ የተጠበቁ ወፎች ናቸው፤ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ አይነካም። በመጸው ራሳቸው ወደ ደቡብ አሜሪካ ይሄዳሉ። ከዚያ አናቱ ላይ ባለ ወንፊት ክዳን አስገጥሚ።

እንጨቱ ላይ እኛ ሐበሾች እንታለላለን። ባሕር ዛፍ ያነደደ ሰው ሁሉንም እንጨት የሚያውቅ ይመስለዋል። እዚህ የሚሸጡልሽ በብዛት ኦክ ነው፤ ኦክ ተፈልጦ ለመድረቅ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ሻጩ ሁሉ «ደረቅ ነው» ይላል። እርጥበት መለኪያ ግዢ፤ ርካሽ ናት። አንዱን ፍልጥ እንደገና ፍለጪና የውስጡን ፊት ለኪ፤ ከ20 በመቶ በታች ይሁን። እርጥብ እንጨት ማንደድ ያስጠረግሽውን ጥቀርሻ በገዛ እጅሽ መልሶ መለሰን ነው። አንድ «ኮርድ» ብለው ከሸጡልሽ 128 ኪዩቢክ ጫማ መሆን አለበት፤ ቁመቱና ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 8 ጫማ። ቀለም የተቀባ እንጨትና የፒዛ ካርቶን አታስገቢ።

አመድ ላይ እናቶቻችን ያስተማሩንን አትርሺ። ማታ እሳት ሲያዳፍኑ ፍሙ አመድ ውስጥ ያድር አልነበር? እዚህም ያው ነው፣ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ውስጥ አድርገሽ ከቤቱ ራቅ አድርጊው፤ የእንጨት በረንዳ ላይ በፍጹም አታስቀምጪ።

ፍም እስካለ ድረስ ዳምፐሯን አትዝጊ፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብለሽ ከዘጋሽ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከእናንተ ጋር ያድራል። ለቡናም ቢሆን በዝግ ቤት ከሰል አታያይዢ። መኝታ ክፍሎቹ አጠገብና በየፎቁ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይኑር።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ ባትሪ ይዘሽ ዳምፐሯን ፈልጊያት። የእኛ እጀታዋ በጥቀርሻ ተሸፍኖ ነበር። ካጣሻት ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው።