ለ3 በ3 ክፍል ስቱዲዮ፦ ስፒከሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ክፍሉን ስራው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ደሴ ሆጤ አካባቢ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች ክፍል ተከራይተሃል። መንዙማና የባህል ዘፈን መቅዳት ትፈልጋለህ። እጅህ ላይ ላፕቶፕና ኪቦርድ አለ። «ያጠራቀምኩትን ብር ስፒከር ላይ ላውጣው ወይስ ማይክ ላይ?» ነው ጥያቄህ። ከስር ብዙ ሰው የማይክ ስም ጽፎልሃል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከብሩ ቢያንስ ሲሶውን ክፍሉ ላይ አውጣው። ስፒከሩን ለጊዜው እርሳው።

ይህን የምልህ ተቃጥዬበት ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት ጓሮ ቤት ተከራይቼ ስጀምር መጀመሪያ የገዛሁት ስፒከር ነበር። ጥንድ ስፒከር፣ ያኔ ለኔ ትልቅ ብር። ቤት አምጥቼ ስከፍተው ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ ማለቴ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ቤቱን ያናውጠዋል፣ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ደግሞ ድራሹ ይጠፋል። ተበላሽቷል ብዬ ታቅፌው ወደ ሻጩ ተመለስኩ። ሰውዬው ምንም ሳይል ሱቁ ውስጥ ሰካው። ጥርት ብሎ ጮኸ። ሱቁ ሰፊ ነው፣ እስከ ጣሪያው ድረስ በእቃ የተሞላ ነው። የኔ ክፍል ባዶ ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል ነበረ። ስፒከሩ ደህና ነበር፤ የታመመው ቤቴ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 3 ሜትር በተራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መሃል ሲመላለስ፣ 57 ሄርዝ (በሴኮንድ 57 ጊዜ የሚርገበገብ) አካባቢ ያለው ድምፅ በራሱ ላይ እየተደረበ ይገዝፋል። እጥፉ 114 ሄርዝም እንደዚያው ይሆናል። 114 ሄርዝ ደግሞ የወንድ ድምፅ ወፍራሙ ክፍል የሚያርፍበት ነው። ስለዚህ አንድ መንዙማ አዋቂ እዚያ ክፍል ውስጥ ዝቅ አድርጎ ሲያዜም አንዷ ኖታ ብቻ ተነጥላ ትጮሃለች። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። ያንተ ክፍል ርዝመቱም ወርዱም እኩል ስለሆነ ችግሩ በሁለት አቅጣጫ ይደረባል። ኮርኒሱም 3 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ በሦስት። ይህን በኮምፒውተር ኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ በሚጨምርና በሚቀንስ መሣሪያ) ጨርሰህ አታስተካክለውም። አንዱ ቦታ ላይ ስትቀንሰው ሌላው ቦታ ላይ ይጎድልብሃል።

አሁን ክፍሉ መሃል ቁምና አንዴ ጠንከር አድርገህ አጨብጭብ። ከጭብጨባው ኋላ «ጥርርር» የሚል ነገር ከሰማህ ድምፁ በሁለት ባዶ ግድግዳዎች መሃል እየተላተመ ነው ማለት ነው። ማይክህ ያንን ሁሉ ይቀዳዋል። ማይኩ ውድ በሆነ ቁጥር ደግሞ አጥርቶ ይቀዳዋል።

እኔ የሰራሁትን ልንገርህ። ልብስ ሰፊዎች ጋ ሄጄ ብጣሽ ጨርቅ በማዳበሪያ ሰበሰብኩ። አንዳንዱ በነፃ ሰጠኝ፣ አንዳንዱ የሻይ ብር ተቀበለ። ጨርቁን በጆንያ ጠቅጥቄ አራቱ ጥግ ላይ ከወለል እስከ ኮርኒስ ደረደርኩት። ቤዝ ጥግ ላይ ነው የሚከማቸው፣ ስለዚህ ወፍራሙ ነገር እዚያ መሆን አለበት። ለግድግዳው ደግሞ አናጢ ቀጭን ሞራሌ ቆርጦ 1 ሜትር በ60 ሳንቲም የሆኑ ፍሬሞች ሰራልኝ፣ ውፍረታቸው 10 ሳንቲም። ውስጡን የአሮጌ ፍራሽ ጥጥ ሞላሁት፣ ፊቱን አቡጀዲ ወጠርኩበት። ግድግዳው ላይ አትለጥፈው። 10 ሳንቲም ያህል ራቅ አድርገህ ስቀለው። ከኋላው ያለው ባዶ ቦታ ብቻውን ወፈር ያለውን ድምፅ ለመያዝ ያግዘዋል። ይህ ነገር ምንም ወጪ የለውም፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

የእንቁላል ካርቶን ለጥፍ ያለህን ሰው አትስማው። ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይሰብረዋል እንጂ ቤዙን አይነካውም፣ የጎረቤት ድምፅም አያግድም። በዚያ ላይ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ኤሌክትሪክ ገመድ በተጠላለፈበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልፈልግም።

አልጋህም ክፍሉ ውስጥ ከሆነ አታውጣው። ፍራሽ ጥሩ ድምፅ መጣጭ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣል። ስትሰራ የምትቀመጥበትን ቦታ ግን አስብበት። የክፍሉ መካከል ላይ አትቀመጥ። 57 ሄርዙ የሚጠፋው እዚያ ነው፤ የኔ ወንበርም ያለችው እዚያው ነበር። ከፊትህ ካለው ግድግዳ 1 ሜትር ከ15 ገደማ ላይ ጆሮህ ቢያርፍ ይሻላል።

አሁን ስለ ውጭ ድምፅ። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ዝናብን የሚያስቆም ርካሽ መላ የለም። የደሴን ክረምት ታውቀዋለህ። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አትያዝ፣ በቃ። ሌላም አለ፣ ቆርቆሮው ራሱ ይናገራል። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው፣ ማታ ሲበርድ «ቃ… ቃ…» ይላል። እኔ ስንት ጊዜ ኪቦርዱ ነው ብዬ ገመድ ስቀያይር ከርሜ፣ አንድ ቀን ቀና ብዬ ኮርኒሱን ሳዳምጥ ነው የገባኝ። ለዚህ ነው የሰፈርህን ሰዓት ማወቅ ያለብህ። አንድ ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዘህ ጻፍ። አዛኑ መቼ፣ ቅዳሴው መቼ፣ ባጃጁ የሚበዛው መቼ፣ የአከራይህ ቡና የሚወቀጠው መቼ። የኔ አከራይ እትዬ ሙቀጫቸውን የሚያነሱት ልክ በ9 ሰዓት ነበር። ሄጄ ነገርኳቸው፤ «ልጄ፣ ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የምቀዳ ቀን ቡናቸውን ቀድመው ይወቅጣሉ፣ እኔም ስጨርስ ቡና እጠጣለሁ። ለበሩ ደግሞ ክፍተቱን ዙሪያውን በጎማ ድፈነው። ድምፅ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ይገባል።

መብራት ነገር። ላፕቶፕ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ባትሪ አለው። ስትቀዳ ቻርጀሩን ንቀለው። ብዙ ቤት ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) የለውም፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ አብሮ ይገባል። የቀረውን እቃ ሁሉ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካ፣ ዲቫይደሩን ከስታቢላይዘር አገናኘው። መብራት ሄዶ ሲመለስ በድንገት ከፍ ብሎ ስለሚመጣ፣ ሲጠፋ ዋናውን ወዲያው ንቀልና ተረጋግቶ ሲቆይ መልሰህ ሰካ።

እቃውን በአጭሩ። ኢንተርፌስ፣ ማይኩን ከላፕቶፑ ጋ የሚያገናኘው ሳጥን፣ ያስፈልግሃል። ስካርሌት ከሚባሉት ውስጥ ሶሎ የተባለው አንድ የማይክ መግቢያ አለው፣ 2አይ2 የተባለው ሁለት አለው። አቅምህ ከፈቀደ ሁለት ያለውን ያዝ፣ ድምፅና ክራር አብረው የሚቀዱበት ቀን ይመጣል። ማይክ በኮንደንሰር አትጀምር። ኮንደንሰር የሚባለው የማይክ ዓይነት ከኢንተርፌሱ 48 ቮልት ይፈልጋል፣ ሩቁንም ሁሉ ይሰማል። ክፍልህ እስኪበስል ድረስ ዳይናሚክ ማይክ፣ 48 ቮልት የማይፈልገውና ቅርቡን የሚይዘው ዓይነት፣ ከአፍ አንድ ጣት ርዝመት ላይ ይሻልሃል። ገበያ ላይ የታወቀ ስም የተጻፈባቸው ኮፒዎች አሉ፤ ሳትሞክር ብር አታውጣ። ጆሮ ላይ ገጥሞ የሚዘጋ ሄድፎን ያዝ። ከመቅጃ ፕሮግራም ሪፐርን ሞክር፣ 60 ቀን በነፃ ያስሞክርሃል። 24 ቢት ላይ ቅዳ፣ ከፍተኛው ጩኸት ፕሮግራሙ ላይ ካለው የ-12 ዲቢ ምልክት አይለፍ። ስትቀዳ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያቆይበትን መጠን) 128 ላይ አድርገው፣ ሚክስ ስታደርግ፣ የተቀዱትን ስታዋህድ ማለት ነው፣ 1024 ላይ ስቀለው። ዋጋ አልጽፍልህም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንህም።

ወደ መንዙማው ልምጣ፣ ጥያቄህን ሳየው ልቤን የያዘው እሱ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ አባት ከገጠር መጡ። እድሜ ልካቸውን መንዙማ ያሉ ሰው ናቸው። እኔ በክፍሌ ኮርቼ ሁሉን አዘጋጀሁ። ሄድፎን አደረግኩላቸው፣ ብቻቸውን ማይክ ፊት አቆምኳቸው፣ «ይጀምሩ አባባ» አልኩ። ጀመሩ። ድምፃቸው ግን ያ የማውቀው ድምፅ አልነበረም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርን። ሄድፎኑን ከአንድ ጆሯቸው ላይ አነሳሁት፣ ትንሽ ተሻለ። መጨረሻ ላይ «ልጄ፣ ማን ነው የሚቀበለኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መንዙማ መሪና ተቀባይ ነው። ይዘዋቸው የመጡትን ሁለት ልጆች ውጭ በረንዳ ላይ አስቀምጬ ነበር። አስገባኋቸው። ምንጣፉ ላይ ከአባባ ፊት ለፊት፣ ከማይኩ ጀርባ አስቀመጥኳቸው፤ ማይኩ ከኋላው ያለውን ድምፅ ብዙም ስለማይዝ። ልጆቹ ዝቅ አድርገው እንዲቀበሉ ነገርኳቸው። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ መምታት ጀመረ። ያ ድምፅ መጣ። እስከ ዛሬ ከቀዳሁት ሁሉ እሷን አስበልጣለሁ።

ስለዚህ 3 በ3 ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው አታጭቅ፣ ግን መሪውን ብቻውን አታስቀር። መሪውን ከሁለት ተቀባይ ጋር ቅዳ። ከዚያ ተቀባዮቹን ለብቻ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመህ ቅዳ፣ በየጊዜው ቦታ እየቀያየሩ። የአሥር ሰው ያህል ይሰፋልሃል። ድቤውን ክፍሉ ውስጥ አትምታው፣ ቤቱ አይችለውም። ጓሮ አውጣው፣ ዝናብ በሌለበት ቀን። ክረምት ላይ ቆዳው ስለሚረግብ ከመቅዳትህ በፊት ፀሐይ ወይም እሳት ያሙቀው። የማሲንቆም ቆዳ እንደዚያው ነው። ማሲንቆ ስትቀዳ ማይኩን ከቆዳው 30 ሳንቲም ያህል አርቀው፣ ደጋኑ የሚፋተግበትን ቦታ ፊት ለፊት አታነጣጥርበት። ዋሽንት ላይ ደግሞ ከጎን ሁን፣ ትንፋሹ ማይኩን እንዳይመታው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ የሰፈር ስቱዲዮ የሚሳሳትበት ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ሲመጣ «ወደ ኪቦርዱ ቃና» አትበለው። ማሲንቆው የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። አንተ ኪቦርድህን ወደ እሱ አምጣ። ባዶ ክሩን እንዲመታው አድርግ፣ ስልክህ ላይ ባለ ቱነር ምን ያህል እንደወረደ ወይም እንደወጣ እይ፣ ያንኑ ያህል የኪቦርዱን ማስተር ቱን (ድምፁን ሁሉ በአንድ ላይ ዝቅና ከፍ የሚያደርገውን) አስተካክል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከአራቱ ቅኝት፣ ከትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ አንቺሆዬ ላይ ግን ይህም አይበቃ ይሆናል። ኪቦርድህ ስኬል ቱን (ድምፆቹን ለየብቻ የሚቃኝ) ካለው እያንዳንዷን ድምፅ በጆሮህ አስተካክላት፣ ከሌለው ኪቦርዱን አሳርፈው፣ ማሲንቆው ብቻውን ይበቃል። ባቲና አምባሰል በስማቸው የሚጠሩት በእኛው አገር ቦታዎች ነው፤ የሌላ ሰው ስቱዲዮ ቢያበላሻቸው እንኳ የኛ ማበላሸት የለበትም።

ሚክስ ለጊዜው በሄድፎን ስራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገህ። ከዚያ ስልክ ላይ ስማው፣ የጓደኛህ ባጃጅ ውስጥ ስማው፣ የምታውቀውን ሌላ ስራ ከጎኑ አድርገህ አወዳድር።

አብሽር፣ ክፍሏ ትሰራለች። ዛሬ ሜትር ተዋስና ርዝመቷን፣ ወርዷን፣ እስከ ኮርኒሱ ያለውን ከፍታ ለክተህ እዚህ ከስር ጻፍልኝ። በሩና መስኮቱ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሆኑም ጨምር። ጆንያው የት እንደሚቆም፣ ወንበርህ የት እንደሚሆን ስዬ እልክልሃለሁ። ብጣሽ ጨርቁን ግን ከነገ ጀምሮ መሰብሰብ ትችላለህ።