«ስታት ደረሰኝ፤ ልውጣ ወይስ ልቀጥል?»

ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ፍሬሽማን ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ስትሞዪ አንደኛ ምርጫሽ ኮምፒውተር ሳይንስ ነበር። ጂፒኤሽ ትንሽ ጎደለና ስታቲስቲክስ ደረሰሽ፣ ያውም በአምስተኛ ምርጫ። አሁን ሁለተኛ ዓመት ነሽ፣ ክፍል መግባት አስጠልቶሻል፣ ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሞልተሽ 12ኛን እንደገና ለመፈተን እያሰብሽ ነው። አባትሽ ደግሞ ለዘመድ ሁሉ «ኮምፒውተር ነገር ነው የምትማረው» እያለ ያሳፍርሻል።

አትውጪ። ብሔራዊ ፈተናውን ደግመሽ ብታልፊ እንኳ ፍሬሽማንን እንደገና ትማሪያለሽ፣ መጨረሻ ላይም የሚጠብቅሽ ያው የዲፓርትመንት ውድድር ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ያኔም ኮታ አለው፣ ያኔም ተማሪው ሁሉ አንደኛ አድርጎ ይሞላዋል።

ዲፓርትመንት መቀየርን ከፈለግሽ ሞክሪ፣ ነውር የለውም። ደንቡ እንደየግቢው ስለሚለያይ የዶርም ወሬ ሰምተሽ አትወስኚ፤ ሬጅስትራር ሄደሽ መቼ፣ በምን መስፈርት፣ ስንት ኮርስ እንደሚያዝልሽ ጠይቂና በጽሑፍ አመልክቺ። ግን እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበልሽ፣ ምክንያቱም ከደብዳቤሽ ያሳሰበኝ ይሄ ነው፦ ክላስ እየፎረፍሽ ሲ ላይ ሲ እየደረደርሽ ነው። ለመቀየርም ውጤት ይጠየቃል፣ እዛው ቆይተሽ ማስተርስ ለመማርም ውጤት ይጠየቃል። ልትሸሺው የምትፈልጊውን ትምህርት በደንብ ካልሠራሽ መሸሻውም ይዘጋብሻል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ካላመጣሽ አራት ዓመት ተቀምጠሽም ዲግሪው የለም።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ፤ ሰውዬው ብዙም አልተሳሳቱም። ስታት ማለት በአማካይና በመቶኛ የሚያልቅ መስሎሽ ከሆነ ገና ስሙን እንጂ ትምህርቱን አላወቅሽውም። ፕሮባቢሊቲ፣ ሪግሬሽን፣ ታይም ሲሪስ እያልሽ ስትሄጂ ኮምፒውተር ላይ ትቀመጫለሽ፣ አር (R) ወይም ስታታ (Stata) በሚባሉ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ኮድ ትጽፊያለሽ። ዛሬ ሁሉም የሚያወራለት ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር ማድረግ) እኮ ግማሽ አካሉ ስታቲስቲክስ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩት ጓደኞችሽ ኮዱን ቶሎ ይጽፉ ይሆናል፤ ሞዴሉ ለምን እንደተሳሳተ ለማወቅ ሲቸገሩ ግን አንቺን ይፈልጉሻል።

ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ለመማር የማንንም ዲፓርትመንት ፈቃድ አትጠብቂም። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥ የመንግሥት የኦንላይን ሥልጠና ነው፣ ፕሮግራሚንግም ዳታ ሳይንስም አለው። ከሁለቱ አንዱን ያዢ። ሰርተፍኬት ብቻ ሰብስበሽ ግን አትቁሚ (ሰርተፍኬት ሰብሳቢ በዝቷል)፤ የተማርሽውን ተጠቅመሽ አንድ የሚታይ ነገር ሥሪ፣ ለምሳሌ የአካባቢሽን የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ በየሳምንቱ መዝግበሽ ተንትኚው።

ሥራውስ? የስታቲስቲክስ አገልግሎት አለ፣ ባንክና ኢንሹራንስ አለ፣ ኤንጂኦዎች ለክትትልና ግምገማ የሚቀጥሩት ሰው አለ። ጅማን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ባዮስታቲስቲክስ በማስተርስ ያስተምራሉ፤ በዚያ በኩል ወደ ጤና ምርምር ይገባል። ገና ተማሪ ሆነሽ በታብሌት መረጃ የመሰብሰብ ሥራ ልታገኚ ትችያለሽ። ጊዜያዊ ነው፣ ፀሐይ ላይ ያውልሻል፣ ግን ጥሩ መጠይቅ ከመጥፎው በምን እንደሚለይ ከመምህር በላይ ያስተምርሻል።

እውነቱን ልደብቅሽ አልፈልግም፦ የሶፍትዌር ሥራ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተዛማጅ» ይላል፣ መንግሥት ቤት ደግሞ ተዛማጅ የሚለውን አጥብቦ ነው የሚያነበው። እዛ በር ላይ ልትመለሺ ትችያለሽ። ትንንሽ የሶፍትዌር ድርጅቶች ግን ብዙውን ጊዜ የሠራሽውን ነው የሚያዩት። ለኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪው ልብሽ ከቆረጠም ከተመረቅሽ በኋላ በኤክስቴንሽን ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ይቻላል፤ ብዙ ሰው እየሠራ ይማራል።

ለጊዜው ውጤትሽ የወረደባቸውን ኮርሶች እንይ። የትኛው ነው ያስቸገረሽ? ካልኩለስ ከሆነ ከሲኒየሮች አንዱን ይዘሽ ከሚድ በፊት ጀምሪ። ላፕቶፕ የለኝም ብለሻል፤ አር ነፃ ነው፣ የግቢው ላብ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ማታ ማታ ላቡ ክፍት ይሆን እንደሆነ ላብ አሲስታንቱን ጠይቂው።