ስብከት ሰባተኛው ደረጃ ነው

ለስብከት የምትቸኩሉ ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ጉጉታችሁን ላቀዘቅዝ ብዬ አይደለም። የስብከት ዘዴን ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ጥንታዊ ድርሰት ስላለ ከእርሱ ላካፍላችሁ ነው።

የሊሉ አላን በአሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ የኖረ የነገረ መለኮት መምህር ነበር። ስለ ስብከት ጥበብ በላቲን የጻፈውን የሚጀምረው ያዕቆብ በሕልሙ ባየው መሰላል ነው። ደረጃዎቹን ሰባት ያደርጋቸዋል፦ ኑዛዜ፣ ጸሎት፣ ምስጋና፣ መጻሕፍትን መመርመር፣ ያልገባንን ከሚያውቅ መጠየቅ፣ መጽሐፍን መተርጎም። ስብከት የመጨረሻው ነው።

አምስተኛውን ልብ በሉልኝ። የእውቀት ማነስ አያስፈራኝም፤ በጊዜ ይሞላል። የሚያሳዝነኝ «ይህ ቦታ አልገባኝም» ብሎ መምህር ደጅ የሚጠና ወጣት እየጠፋ መሄዱ ነው። ሳይጠይቁ የሚተረጉሙ ሰዎች ስሕተታቸውን ለብዙ ሺህ ሰሚ ያወርሳሉ።

ይኸው መምህር ጆሮን ለማስደሰት ብቻ የሚደረደር ቤት መምቻና ቀልድ ከስብከት እንዲወጣ ይመክራል። ሕዝቡ ልቡ ተነክቶ ሲያለቅስ ሰባኪው ጥቂት ይታገሥ፣ ግን አያብዛው ይላል፤ ከእንባ ፈጥኖ የሚደርቅ ነገር የለምና። ምእመናንን ለማስለቀስ ድምፃቸውን የሚያንቀጠቅጡ ሰባክያንን ስሰማ ይህ ቃል ትዝ ይለኛል።

ሰሚን ስለ ማወቅ ደግሞ ከእርሱ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ የቀደመውን የሮማውን ጳጳስ ታላቁን ጎርጎርዮስን አንብቡ። ስለ እረኝነት በጻፈው መጽሐፍ ድሃውንና ሀብታሙን፣ ደስተኛውንና ያዘነውን፣ ዝምተኛውንና ለፍላፊውን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ምክር ለይቷል። ሐዘን ቤትና ሠርግ ቤት አንድ ዓይነት ቃል ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያነብ ምንኛ በተጠቀመ!

በኋላ በፓሪስና በኦክስፎርድ የተማሩ ሰባክያን አንድ ኃይለ ቃል መርጠው ብዙ ጊዜ በሦስት ይከፍሉት፣ እያንዳንዱንም ክፍል በሌላ ጥቅስ ያጸኑት ነበር። ሰሚው እንዲያስታውስ ስለሚረዳ ዘዴውን እወደዋለሁ፤ ክፍፍሉ ራሱ መታያ ሲሆን ግን ስብከቱ ይደርቃል።

እ.ኤ.አ. በ1427 መነኩሴው በርናርዲኖ በጣሊያን ከተማ በሲዬና አደባባይ ሲሰብክ ቤኔዴቶ የሚባል የጨርቅ ሠራተኛ ቃሉን እየተከታተለ በሰም ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ወደ ሱቁ ተመልሶ ሥራውን ሳይጀምር በወረቀት ይገለብጠዋል። አርባ አምስቱ ስብከቶች ለእኛ የደረሱት በዚህ ሰው ትጋት ነው፤ ሰባኪው ያንቀላፉትን ሴቶች የገሠጸበት ቃል እንኳ አልቀረም።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ስትሰብኩ አንድ ሰሚ የሰማውን እንዲጽፍላችሁ ለምኑ። ጽሑፉን ሳታርሙ ወደ መምህራችሁ ውሰዱት።