ጠዋት የምበላው ሰላጣ ጾሜን ያፈርሰዋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ካደረግኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሐኪሜ ቅባትና በርበሬ ለጊዜው ከልክሎኝ፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ብዪ ብሎኛል። ስለዚህ ማታ ቀይ ሥር፣ ካሮትና ድንች ቀቅዬ፣ በትንንሹ ቆራርጬ፣ ሎሚ ጨምቄበት ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እበላዋለሁ። ዐቢይ ጾም ስለሆነ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ፈቅደውልኛል። የሚያስጨንቀኝ ግን ቀዝቀዝ ያለው ሰላጣ አፌ ላይ ደስ ይለኛል። አማቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ እኔ በሬን ዘግቼ እበላለሁ። አፍሬ ቅዳሴ መሄድም ትቻለሁ። ጾሜ ፈርሷል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልሽ። አልፈረሰም። የንስሐ አባትሽ ከፈቀዱልሽ ሌላ ፈቃጅ አትፈልጊ፤ ፍትሐ ነገሥቱም ሕመምተኛን ለይቶ ያያል። ሥርዓቱን ስለምታውቂው አልደግምልሽም። እኔን ያቆመኝ «ደስ ይለኛል» ያልሽው ነው።

ይህን ነገር በስንት መልኩ ሰምቼዋለሁ! ብዙዎቻችን ጾምን በስቃይ የሚከፈል ዕዳ አድርገን ይዘነዋል። ሆዳችን ካልተላወሰ፣ ጉልበታችን ካልከዳን የጾምን አይመስለንም። ከዓመታት በፊት የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት የጠዋት ኢንሱሊናቸውን ተወግተው፣ ቁርሱን ትተው ቅዳሴ መጡ። መሐል ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ነጠላቸው በላብ ራሰ። ራሳቸውን ሳይስቱ ደርሰን ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣናቸው። ትንሽ ነፍስ ሲዘሩ መጀመሪያ የተናገሩት ቃል «ጾሜን አስፈታችሁኝ» የሚል ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ። እንዲህ እንዲያስቡ ያደረግናቸው እኛ መምህራኑ ነን።

ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣት በኋላ ያዘዘውን አስታውሺ፤ «የምትበላውን ስጡአት» ነው ያለው (ማር 5፥43)። ነፍሷን የመለሰላት አምላክ ያቺን የ12 ዓመት ልጅ ያለ ምግብ ማቆም አቅቶት ነውን? ግን ቤተሰቦቿን ከተአምሩ ፊት ወደ ማጀት ላካቸው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። ያ ቀይ ሥርና ካሮት ከዚያው ምድር የወጣ ነው። የደከመ ሰውነት ቀዝቃዛ ነገር አግኝቶ ደስ ቢለው፣ ያ ደስታ «ተመስገን» የምትዪበት እንጂ ንስሐ የምትገቢበት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ጠንከር ብዬ ልንገርሽ። የተፈቀደልሽ የመብያው ሰዓት ነው እንጂ ጾሙን መተው አይደለም። «ታምሜያለሁ» ብለው በሰላጣ ጀምረው፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው እንቁላልና ወተት ላይ የሚደርሱ አሉ፤ ከዳኑም በኋላ መመለሱ ይከብዳቸዋል። አንቺ እንዲያ አትሁኚ። ደግሞ ያለሽው ጅማ ነው፤ አቮካዶ ከየግቢው፣ ከየገበያው ይጠራሻል። የጾም ምግብ መሆኑ እውነት ነው፣ ቅባት መሆኑም እውነት ነው። ሐኪምሽ እስኪፈቅድልሽ ድረስ ሰላጣሽ ላይ ሳትጨምሪ ብታልፊው፣ አማትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሚታገሡት ትግሥት ጋር አብሮ ይቆጠርልሻል ብዬ አምናለሁ። የሐኪሙን ትእዛዝ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ስትጠብቂ እየጾምሽ ነው።

ያዘንኩት በሰላጣው ሳይሆን በተዘጋው በርና በቀረው ቅዳሴ ነው። ሰይጣን ምግብሽን ትቶ ጸሎትሽን ወሰደብሽ። ሐዋርያው «የሚበላ የማይበላውን አይናቀው የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» (ሮሜ 14፥3) ብሏል፤ አማትሽ ግን ሳይፈርዱብሽ አንቺው ፈርደሽላቸዋል። ምናልባት ነገሩን ቢያውቁ ካሮቱን የሚልጡልሽ እሳቸው ናቸው። ለእሑድ ቁመት ካቃተሽ ተቀምጠሽ አስቀድሺ። ስለ ቅዱስ ቁርባኑ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ ከሩቅ የምወስነው አይደለም።

ነገ ጠዋት ሳህኑን ከፍሪጅ ስታወጪ በሩን ክፍት ተዪው። አቡነ ዘበሰማያት ድገሚና ብዪ።