እህትሽ ያጠራቀመችው ብር ሲሚንቶ ውስጥ አይግባ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቱሪዝም ማኔጅመንት ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራ የለኝም። የምኖረው ደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ወረዳ፣ «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅ ዳር ባለች ቀበሌ ከእናትና አባቴ ጋር ነው። ታላቅ እህቴ ሳውዲ ሰው ቤት እየሠራች በሰባት ዓመት 900,000 ብር አጠራቅማለች። ቤተሰቡ በዚህ ብር በአባቴ መሬት ላይ አራት ክፍል ሎጅ ተሠርቶ እኔ እንዳስተዳድረው ወስኗል። የእኔ ሐሳብ ግን ትንንሽ ቡድን እያመጣሁ መንደሩንና የሐይቁን ዳር በእግር ማስጎብኘት ነው። እናቴ «ሴት ልጅ ከማታውቀው ሰው ጋር በየጢሻው ስትዞር ሰው ምን ይላል?» ትላለች። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው፤ የጸጥታው ነገርም ያሳስበኛል። አጎቴ ደግሞ በወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የሂሳብ ረዳት በኮንትራት ስለሚፈለግ ተወዳደሪ ይለኛል፤ የተማርኩት ግን እሱን አይደለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሎጁን አትሥሩ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይኼ ግን ሲሚንቶ ሳይገዛ፣ አናጢው ቀብድ ሳይቀበል መባል ስላለበት አስቀደምኩት።

ሂሳቡን እንሥራው። እንግዳ የሚመጣበት ወቅት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ስድስት ወር ነው፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሰው ደግሞ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው። 26 ሳምንት በሁለት ሌሊት 52 ሌሊት ይሆናል። ከአራቱ ክፍል ሁለቱ ሁልጊዜ ተያዘ እንበል፤ ለአዲስ ቤት ይኼ ራሱ የደግ ሰው ግምት ነው። 104 የክፍል ሌሊት፣ አንዱ በ1,500 ብር፣ በዓመት 156,000 ብር። ዘበኛና ጽዳት ሠራተኛ በወር አራት አራት ሺህ ብር ቢከፈላቸው፣ ክረምት ከበጋ ስለሚከፈል 96,000 ብር ይወስዳል። አንሶላ፣ ሳሙና፣ መብራት፣ ጥገናና ግብር 40,000 ብር ብቻ ይብላ። የተረፈው 20,000 ብር ነው። የእህትሽ ብር በዚህ አካሄድ የሚመለሰው በ45 ዓመት ነው፤ የአንቺ ደመወዝ ደግሞ ገና አልተነሳም። ዋጋዎቹ ለምሳሌ የገቡ ናቸው፤ በሰፈርሽ ዋጋ ቀይሪያቸው። ግን የክፍሉን ዋጋ ከፍ ስታደርጊ የሚያዘው ክፍል እንደሚቀንስ አትርሺ። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰው ዓሣውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ አምሽቶ ቤቱ ይገባል። ለምን ያድራል?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሰሜን ወሎዋን መቄት ወረዳ ይጠቅሳል። መቄት ላይ በ1990ዎቹ አጋማሽ «ተስፋ» በሚል ስም የተጀመረው የመንደር ጉዞ ማደሪያ አለው፣ ማደሪያውም የኅብረተሰቡ ነው፣ ሠርቷልም። የሠራው ግን እንግዳው በገደሉ አፋፍ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሄዶ፣ ሻንጣው በአህያ ተጭኖ፣ ሲመሽ ከሚቀጥለው መንደር ሌላ መግቢያ ስለሌለው ነው። እዚያ ማደሪያውን የወለደው መንገዱ ነው። አንቺ ዘንድ አስፋልቱ ቅርብ ነው።

ስለ መሬቱም ላንሳ። የአባትሽ የይዞታ ደብተር የሚያረጋግጠው የእርሻ ይዞታ ነው። ሆቴል ለመሥራት የአጠቃቀም ለውጥ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ መሬት ደግሞ ስለማይሸጥ ነገሩ ካልሆነ ብሩን መልሶ ማውጫ የለም። ውሃውንም እዪው፦ ሐይቁ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በወንዝ አይወጣለትም። ዳሩ ላይ የተሠራ ሽንት ቤትና የአንሶላ ማጠቢያ የሚለቀው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ውሃው ወደ ማሳው ይገፋል፣ በድርቅ ይሸሻል፤ ዛሬ «ሐይቁን የሚያይ» የተባለው ቦታ ከአሥር ዓመት በኋላ የት እንደሚሆን ማንም አይፈርምልሽም።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። በደብዳቤሽ ውስጥ ቤተሰቡ የወሰነው አለ፣ እናትሽ የሚሉት አለ፣ አጎትሽ የሚሉት አለ። ባለ ብሯ የምትለው የለም። ሰባት ዓመት የሰው ልጅ ስታሳድግና የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረችው እሷ ናት፤ «ቤተሰቡ ወስኗል» የሚለው ቃል እሷን ይጨምራል? ቤተሰብሽን ክፉ ለማለት አይደለም፤ በየሰፈሩ በዓረብ አገር ብር ተጀምሮ ጣሪያ ያልደረሰ ቤት የሚታየው ክፉ ሰው ስለበዛ ሳይሆን፣ ብር የላከው ሰው በሩቅ ስላለ ስለማይጠየቅ ነው። ደውይላት። ስትመለስ ምን መሥራት እንደምትፈልግ፣ መቼ መመለስ እንደምታስብ ጠይቂያት። ብሩ በራሷ ስም ባንክ ይቀመጥ። አንቺ ለመጀመር የሚያስፈልግሽ ከ30,000 ብር አይበልጥም፤ እሱንም ከእሷ ብትወስጂ በብድር፣ በጽሑፍ፣ መመለሻው ቀን ተጠቅሶ ይሁን።

በ30,000 ብር ምን ይጀመራል? የቀን ጉዞ። የመጀመሪያውን ወቅት ማንንም አታሳድሪ። ሦስት ቤት ምረጪ፦ አንዱ ምሳ፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ደግሞ ሌሎቹ ሐዘን ወይም ሠርግ ሲገጥማቸው የሚተካ። ሦስቱም የዘመድ ቤት እንዳይሆኑ፤ የአክስትሽ ቤት ብቻ እንግዳ ሲገባ ያየ ጎረቤት በሁለተኛው ወር መንገዱን ይዘጋብሻል፣ አይፈረድበትም።

መንገዱን ሰዓት ይዘሽ ሂጂው። አንቺ በአንድ ሰዓት ተኩል የምትጨርሺው የከተማ ሰው ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ፎቶ ያነሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ቁልቁለት ላይ ይፈራል። በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ቤት፣ በየሰዓቱ ጥላ ያስፈልጋል። ስልክ የማይሠራበትን ቦታ፣ መኪና የሚደርስበትን ነጥብና ቅርቡን ጤና ጣቢያ በወረቀት ላይ ምልክት አድርጊ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡትን ወፎች ለማየት ዳሩ ላይ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ጠዋት ነው መገኘት፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ወፉም ይሸሸጋል። ማንም ሰው ውሃው ውስጥ እግሩን እንዳይነክር፤ በአካባቢው ብልሃርዚያ አለ። ይህን ጉዞው ሳይጀመር ንገሪያቸው፣ ዳር ከደረሱ በኋላ የሚሰማሽ የለም።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታሰብበት፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አትገባም። ይኼ ሴት እንግዶችሽን ብቻ ሳይሆን አንቺንም ይመለከታል። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ወንድ አስጎብኚ በቀን ክፍያ ያዢ፤ እሱ ወንዶቹን ይዞ ሲገባ አንቺ ሴቶቹን ይዘሽ የወፍ መንገዱን ትሄጃለሽ። የገዳሙን ታሪክ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ያስተማሩትን የአባ ኢየሱስ ሞዓን ነገር ጨምሮ፣ በር ላይ አንቺ ተርኪላቸው። ሴቶቹ ውጭ ቆመው የሚጠብቁበት ጉዞ ግን አታዘጋጂ።

ምሳውን ዓሣ አድርጊው። የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚለው ጥያቄ ዓሣ ላይ የለም፤ ቄሱም ሼኩም ከአንድ ማዕድ ይበላሉ። ከጎኑ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ያልበሰለ ሰላጣ አይቅረብ፤ እንግዳ የሚታመመው ብዙ ጊዜ ከወጡ ሳይሆን ባልታከመ ውሃ ከታጠበው ቲማቲም ነው። የሚጠጣው ውሃ ይፍላ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ መንደር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲንፈቀፈቅ ይቆይ። ሃይላንድ የሚያመጣ ሰው ላስቲኩን ይዞ ይመለስ። በረመዳን እስላም ቤት ምሳ አታዢ፣ ጁምዓ ላይም ጉዞ አይኑር።

ለቅዳሜ ምሳ ሊጡ የሚቦካው ረቡዕ ነው። ስለዚህ ምዝገባው ረቡዕ ማታ ይዘጋል፣ ግማሹ ክፍያ በቴሌብር ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የቀረ ሰው ቀብዱ አይመለስለትም። ይኼን ሕግ ይሉኝታ ካፈረሰው ዱቄቱን የከሰረችው ሴትዮ ናት፤ ሁለተኛ በሯን አትከፍትልሽም።

የቡድኑ ልክ ስድስት ሰው ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን አንድ ጀበና አይበቃም፣ አንድ መሶብ አይበቃም፣ ባለቤቷ ከእንግዳ ጋር መጫወቷን ትታ አሳላፊ ትሆናለች። ከአምስት ማነስ ደግሞ ኪሳራ ነው። እዪው፦ በሰው 2,500 ብር ብታስከፍዪ ስድስት ሰው 15,000 ብር ነው። ከደሴ የሚኒባስ ኮንትራት 4,000፣ ጀልባ 1,500፣ ወንዱ አስጎብኚ 1,000፣ የቡና ቤቷ 600፣ ስልክና ልዩ ልዩ 300፣ ምሳ በሰው 400 ሆኖ ሾፌሩንና አስጎብኚውን ጨምሮ ለስምንት 3,200፣ ለቀበሌው የጋራ ሥራ ከመቶ አሥር 1,500። ድምሩ 12,100፤ ለአንቺ 2,900 ብር ይቀራል። አምስት ሰው ሲሆን 1,050 ብር ይቀርሻል። አራት ሲሆን ከኪስሽ 800 ብር ትጨምሪያለሽ። ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ነው፦ «ለስም ይጠቅማል» ብለው ሦስት ሰው ይዘው ይወጣሉ፣ ክፍተቱን ከሴቶቹ ክፍያ ቀንሰው ይሞላሉ፣ በሦስተኛው ጉዞ የምሳ ቤቷ ትዘጋለች።

ክፍያው ዕለቱን፣ እንግዳው ሳይሄድ፣ ባበሰለችው ሴት እጅ ይግባ፤ ለባሏ አይሰጥ። በካርቦን የሚጻፍ ደረሰኝ ግዢ፦ ቀን፣ የእንግዳ ብዛት፣ የቤቱ ስም፣ የተከፈለው፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ዋናው አንቺ ጋ፣ ቅጂው መንደሩ በመረጣቸው ሰዎች እጅ። ተራውም እዚያው ላይ ይጻፍ። ጉርሻ በሣጥን ገብቶ ይከፋፈል፤ በየእጁ ከተሰጠ በአንድ ወር ውስጥ ሕፃናት ትምህርት ቤት ትተው መንገድ ላይ ይጠብቃሉ። እንግዶች ለልጆች እስክሪብቶና ከረሜላ እንዳያድሉ ቀድመሽ አስጠንቅቂ፤ መስጠት የፈለገ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይስጥ።

የአጎትሽን ሥራ ያዢ። እኔ ወደዚህ ምክር የመጣሁት በሂሳብ መዝገብ በኩል ስለሆነ ዓይኔ ወደዚያ ያዘነብል ይሆናል፤ ግን በመንደር ቱሪዝም ላይ የጎደለው አስጎብኚ አይደለም። አስጎብኚ መሆን ሁሉም ይፈልጋል። የጎደለው የገባውንና የወጣውን በሰው ፊት ገልጦ የሚያነብ ሰው ነው። ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ስትቀመጪ ማኅበር እንዴት እንደሚመዘገብ፣ መተዳደሪያ ደንብ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ኦዲት ምን እንደሚጠይቅና ማኅበር ምን አፍርሶት እንደፈረሰ በየቀኑ ታያለሽ፤ ደመወዝም ይከፈልሻል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ፣ ቅዳሜ ጉዞ። በወር ሁለት ጉዞ ይበቃሻል። ከሁለት ወቅት በኋላ እንግዶች ራሳቸው «ማደር እንፈልጋለን» እያሉ ካስቸገሩሽ፣ ከሦስቱ ቤት በአንዱ አንድ ክፍል ሁለት አልጋ ይግባ፤ ፍየልና ዶሮ የማያድርበት፣ ቁንጫ እንዳይኖር ወለሉ የተለቀለቀ፤ ሽንት ቤቱም ከሐይቁ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይቆፈር።

ለእናትሽ መልሱ የመጀመሪያውን ምሳ እሳቸው ቤት ማድረግ ነው፤ ማን እንደሚመጣ በዓይናቸው ይዩ። እንግሊዝኛሽ አሁን አያስፈልግም፤ ደንበኞችሽ የደሴ ሐኪሞች፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። የአስጎብኚነት ፈቃድና የብቃት ምዘናውን ግን ከአሁኑ በባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቂ፤ ያለ ፈቃድ ሰው ይዘሽ አትውጪ።

ጸጥታው የሚያሳስብ ነው። በ2012 ኮሮና፣ በ2014 ጦርነቱ፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት፤ ላሊበላን የሚያህል ቦታ እንኳ እንግዳ ጠፍቶበት ከርሟል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው ማታና በማለዳው ለቀበሌውና ለሾፌሩ ትደውያለሽ፤ ከሁለቱ አንዱ ካመነታ ጉዞው ቀረ፣ ቀብዱም በሙሉ ይመለሳል። ሎጅ ቢኖርሽ ዘበኛው እየተከፈለው ትጠብቂ ነበር፤ በዚህ መንገድ ከሆነ የከሰርሽው የአንድ ቀን ሊጥ ነው፣ እሱንም ለባለ ምሳዋ ሴት ከመቶ አሥሩ የጋራ ገንዘብ ይክፈላት።

መጀመሪያ አንድ የሙከራ ጉዞ በዋጋው ግማሽ ከምታውቂያቸው መምህራን ጋር አድርጊ፤ ኪሳራውን ከ30,000 ብሩ ላይ ያዢው። ማታውኑ የደረሰኙን ገጾች በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የት እንደፈሰሰ አብረን እናየዋለን።